የአራት ደራስያን እናት፦ ፍራንሲስ ሮሴቲ በልጆቻቸው ሥራዎች ውስጥ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሮሴቲ ቤተሰብ ስም ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ልጆቹ ናቸው፤ ሠዓሊውና ገጣሚው ዳንቴ ጋብሪኤል፣ ገጣሚዋ ክርስቲና፣ ሐያሲውና አርታኢው ዊሊያም ማይክል፣ እንዲሁም ስለ ጣሊያናዊው ባለቅኔ ስለ ዳንቴ የጻፈችው የበኩር ልጅ ማሪያ ፍራንቼስካ። ቀጥሎ የአባትየው ስም ይመጣል፤ ስደተኛው ገጣሚና ፕሮፌሰር ይባላሉ። እናትየዋ ወይዘሮ ፍራንሲስ ላቪኒያ ሮሴቲ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሳቸው አንድ አንቀጽ ነው። በዚያ አንቀጽ ሃይማኖተኛ፣ ታጋሽና አስተዋይ ተብለው ይመሰገናሉ፤ ከዚያ ጸሐፊው ወደ «ዋናው ጉዳይ» ያልፋል።

በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ያ አንቀጽ ለሂስ የማይበቃ መሆኑን ነው። እርግጥ በወይዘሮ ፍራንሲስ ስም የሚታወቅ ድርሰት ስለሌለ የምንሔሰው ነገር የለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ይሁንና የእኔ ክርክር ስለ እናትነት ሳይሆን ስለ ሙያ ነው። ሴትየዋ አስተማሪ ነበሩ። የማስተማር ሙያቸው በልጆቻቸው ሥራዎች፣ በተለይም በክርስቲና ግጥሞች፣ ተለይቶ ሊታይ የሚችል አሻራ ትቷል። ይህን አሻራ «የእናት ፍቅር» በሚል ጥቅል ስም ስንሸፍነው ግጥሞቹን ራሳቸውን በደንብ ሳናነብ እንቀራለን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ባለቅኔውን ዳንቴን ከሠዓሊው ለመለየትም ሠዓሊውን ጋብሪኤል እያልኩ እጠራዋለሁ።)

የሕይወት ታሪካቸውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ወይዘሮ ፍራንሲስ ኤፕሪል 27 ቀን 1800 ለንደን ተወለዱ። አባታቸው ጋኤታኖ ፖሊዶሪ ከቶስካና የመጡ የጣሊያንኛ መምህር ሲሆኑ በወጣትነታቸው የባለቅኔው የአልፊየሪ ጸሐፊ ነበሩ። ሚልተንን ወደ ጣሊያንኛ ተርጉመዋል፤ በቤታቸውም የግል ማተሚያ መሣሪያ ነበራቸው። እናታቸው በሰው ቤት ልጆች ያስተማሩ እንግሊዛዊት ናቸው። ወንድማቸው ጆን ዊሊያም የሎርድ ባይረን ሐኪም የነበረው፣ በ1819 የታተመውን «ቫምፓየሩ» የተባለ ልብ ወለድ የጻፈውና በ1821 በ25 ዓመቱ የተቀጨው ሰው ነው። እንግዲህ ፍራንሲስ መጽሐፍ የሚተረጎምበት፣ የሚጻፍበትና የሚታተምበት ቤት ልጅ ናቸው። እሳቸውም ከማግባታቸው በፊት እንደ እናታቸው በሰው ቤት አስተማሪነት ሠርተዋል። በ1826 ከኔፕልስ መንግሥት ሸሽተው በማልታ በኩል ለንደን የገቡትንና በዕድሜ 17 ዓመት የሚበልጧቸውን ገብሪየሌ ሮሴቲን አገቡ። ከዚያ በኋላ በአራት ተከታታይ ዓመታት አራት ልጆች ወለዱ፤ ማሪያ በ1827፣ ጋብሪኤል በ1828፣ ዊሊያም በ1829፣ ክርስቲና በ1830። ባለቤታቸው በ1831 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የጣሊያንኛ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ ይሁንና በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጤናቸውና የዓይናቸው ብርሃን ደከመ፤ ቤቱም ገቢ አጣ።

የእናትየዋ ሙያ ጎልቶ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። በ40ዎቹ ዕድሜያቸው ውስጥ ሳሉ እንደገና ቋንቋ ወደ ማስተማር ተመለሱ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከክርስቲና ጋር ሆነው በለንደን ካምደን ታውን ሰፈር አነስተኛ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1853 ደግሞ በሶመርሴት አውራጃ ወደምትገኘው ፍሮም ከተማ ሄደው ሌላ ሞከሩ። ሁለቱም አልተሳኩም። በ1854 ወደ ለንደን ተመለሱ፤ ባለቤታቸውም በዚያው ዓመት ኤፕሪል ውስጥ ሞቱ። ከዚያ በኋላ 32 ዓመት ኖሩ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው በአብዛኛው ከማን ነው? ከዊሊያም ነው። በ1895 የወንድሙን ደብዳቤዎች ከሕይወት ታሪኩ ጋር ያሳተመው፣ በ1904 የእኅቱን ግጥሞች ሰብስቦ ያወጣው፣ በ1906 የራሱን ትዝታዎች የጻፈው፣ በ1908 የክርስቲናን የቤተሰብ ደብዳቤዎች ያዘጋጀው እሱ ነው። ሐቀኛና ጥንቁቅ ምስክር ነው፤ ቀንና ዓመት ይወዳል። ሆኖም ልጅ ነው። ከዚያም በላይ ቤቱን ለመደጎም በ15 ዓመቱ፣ በ1845፣ የመንግሥት የኤክሳይዝ ቀረጥ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የገባ ልጅ ነው። እናቱን ሲገልጽ ራሱንም እየገለጸ ነው፤ የቤቱ ሸክም የወደቀባቸው ሁለቱ ናቸውና። ስለዚህ ዊሊያም እናቱን «አስተዋይ» ሲል የምንሰማው ቃል የማስተዋልን ዋጋ ከከፈለ ሰው አፍ የወጣ መሆኑን መርሳት የለብንም።

ዊሊያም ያቆየልን፣ በየሕይወት ታሪኩ የሚደጋገም አንድ የእናቱ አነጋገር አለ። ወይዘሮዋ በስተርጅናቸው፣ የአእምሮ ልቀትን አጥብቀው ይወዱ እንደነበር፣ ባላቸውም ልጆቻቸውም በዚሁ እንዲታወቁ ተመኝተው ምኞታቸው እንደሞላላቸው ተናግረው፣ አሁን ግን ከዚያ ልቀት ትንሽ ቀንሶ ለማስተዋል ቦታ ቢተው እንደሚመርጡ ጨመሩ። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን የሚያነሡት አንባቢን ፈገግ ለማሰኘት ነው። እኔ የምቆመው በአነጋገሩ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ነው። በዘመኑ አንዲት የቤት አስተማሪ ባል ስትመርጥ ትዳሯን የምታመዛዝነው በገቢና በማዕረግ ነበር። ፍራንሲስ ግን ገንዘብም አገርም የሌላቸውን ስደተኛ ገጣሚ መረጡ፤ ምክንያታቸውንም ራሳቸው ይነግሩናል። ልጆቹ የተገኙት ከአጋጣሚ ሊቅነት ብቻ ሳይሆን ከታሰበበት ምርጫ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ክፍልም ቢሆን የባልቴት ቀልድ ብቻ አይመስለኝም። የሒሳብ መዝገብ የያዘ ሰው ንግግር ነው።

ከዚህ ተነሥተን ወደ አንድ ሥዕል እንለፍ። ጋብሪኤል በ1849 ለሕዝብ ያሳየው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው «የድንግል ማርያም ልጅነት» ይባላል፤ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ቴት ብሪቴን ይታያል። ማርያም ሆና የተሣለችው ክርስቲና ናት፤ ቅድስት ሐና ሆነው የተሣሉት ወይዘሮ ፍራንሲስ ናቸው። ሐና ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ልጅቱ በቀይ ጨርቅ ላይ ነጭ አበባ በመርፌ ስትጠልፍ ይመለከታሉ። ከኋላ ኢያቄም የወይን ሐረግ ያስተካክላሉ። ከፊት ለፊት አበባው የቆመበት ማሰሮ አለ፤ ማሰሮው የተቀመጠው በተደራረቡ ስድስት ትልልቅ መጻሕፍት ላይ ነው፤ በጀርባቸውም በላቲን የምግባራት ስም ተጽፏል፤ ፍቅር፣ እምነት፣ ተስፋ፣ ጥበብ፣ ራስን መግዛት፣ ብርታት።

ለእኛ አንባቢ በዚህ ሥዕል የሚያስደንቅ ነገር ላይኖር ይችላል። ማርያም ሐርና ወርቅ ስትፈትል መልአኩ እንዳበሠራት እየሰማንና በሥዕል እያየን ስላደግን መርፌና ክር የያዘች ማርያም ለዓይናችን እንግዳ አይደለችም። በምዕራብ አውሮፓ ግን ለረጅም ዘመን የተለመደው ሌላ ነበር፤ ሐና ልጃቸውን መጽሐፍ ዘርግተው ንባብ ሲያስተምሩ ነበር የሚሣሉት። ጋብሪኤል ይህን ልማድ ሆን ብሎ ተወው። በ1848 ለክርስትና አባቱ ለቻርልስ ላየል በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ፣ ንባቡ ከዘመኑ ሁኔታ ጋር ስለማይሄድ በጥልፍ እንደተካው ያስረዳል።

ምክንያቱ የታሪክ ምክንያት ነው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ለሐና የተቀመጡት ሴት እኮ ልጃቸውን ንባብ ያስተማሩ ሴት ናቸው! ወንዶቹ ልጆች በ1837 ኪንግስ ኮሌጅ ትምህርት ቤት ሲገቡ ሁለቱ ሴቶች እቤት ቀሩ፤ ክርስቲና የእናቷን እንጂ የሌላ መምህር ትምህርት ቤት ያላየች ገጣሚ ናት። መጽሐፍ ቅዱስን፣ የቅዱስ አውግስጢኖስን ጽሑፍና የቡንያንን «የክርስቲያን ጉዞ» የሰማችው ከእናቷ ነው። ሠዓሊው ከእናቱ እጅ መጽሐፉን ወስዶ የአበባ ማሰሮ አስቀመጠበት። መጻሕፍቱ በሥዕሉ ውስጥ አሉ፤ ግን ተዘግተዋል፤ መደርደሪያ ሆነዋል። ጋብሪኤል ይህን አስቦበታል አልልም። የምለው ሥዕሉ፣ ከዚያ በኋላ በመጣው ሂስ ውስጥ በእናትየዋ ላይ የደረሰውን አስቀድሞ የሚያሳይ መሆኑን ነው፤ አስተማሪዋ ወደ ምሳሌነት ተለወጡ፤ ዕውቀታቸው የምግባራት ስም ሆኖ ቀረ።

ስለዚሁ ሥዕል አንድ ነገር ልጨምር። ሥዕሉን በ80 ጊኒ የገዙት የባዝ ባላባት ቤተሰብ ወይዘሮ ናቸው (አንድ ጊኒ 21 ሽልንግ ነበር)። የጋብሪኤል አክስት፣ የእናቱ እኅት ሻርሎት ፖሊዶሪ፣ በዚያ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴት ነበሩ። የፍሮም ከተማም ከዚሁ ቤተሰብ ርስት አጠገብ ናት። ስለ ቅድመ ራፋኤላውያን ወንድማማችነት ብዙ ተጽፏል፤ የወንድማማችነቱን የመጀመሪያ ሥዕሎች አንዱን ገዢ ያገኘችለት ግን በሰው ቤት የምታስተምር አክስት ናት። እዚህ ላይ «እኅትማማችነት» የሚባል ታሪክ ቢጻፍ ብዙ ገጽ የሚሞላ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። በቻርሎት ጎዳና በነበረው ቤታቸው አባት ለልጆቻቸው በጣሊያንኛ፣ እናት በእንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር። ማታ ማታ ስደተኞች ጣሊያናውያን ምድጃ ዳር ተሰብስበው ስለ አገራቸው ፖለቲካ ይከራከሩ ነበር። አባትየው የዳንቴን ድርሰት እንደ ምሥጢር ጽሑፍ እየፈቱ ዕድሜያቸውን ፈጁ፤ ልጆቹም ሁሉ በየፊናቸው ዳንቴን ነኩ። ጋብሪኤል በ1861 የጥንት ጣሊያናውያን ባለቅኔዎችን ትርጉም አወጣ፤ ዊሊያም በ1865 «ሲኦል» የተባለውን ክፍል ተረጎመ፤ ማሪያ በ1871 «የዳንቴ ጥላ» የተባለ የማስረጃ መጽሐፍ ጻፈች። ሐያስያን ይህን ሁሉ በአባትየው መዝገብ ያስገባሉ። ሆኖም ሦስቱም መጻሕፍት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። መተርጎም ሁለት ቋንቋ ይጠይቃል፤ ስለ መነሻው ቋንቋ ስንጽፍ የመድረሻውን አስተማሪ እንረሳለን። የማሪያን መጽሐፍ ብንወስድ ደግሞ አባቷ እንዳደረጉት ምሥጢር ፍለጋ አይደለም፤ ዳንቴን ለጀማሪ አንባቢ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። ርእሱ የአባት፣ ዘዴው የእናት ነው ብል የተጋነነ አይሆንም።

የአስተማሪዋ አሻራ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን ሐያስያን ቸል በሚሉት የክርስቲና መጽሐፍ ውስጥ ነው። «ሲንግ ሶንግ» የተባለው የሕፃናት ግጥሞች መድበል በ1872 ታተመ፤ ሥዕሎቹን አርተር ሂዩዝ ሠራ። ከ120 የማያንሱ አጫጭር ግጥሞች አሉት። ልጅ ያልወለደች ገጣሚ የእናትን ድምፅ እንዴት እንዲህ አሳምራ ያዘችው የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «ያልተፈጸመ ምኞት» የሚል ሥነ ልቡናዊ መልስ ነው። ይህ መልስ አያረካኝም። መጽሐፉን የገለጠ ሰው ከእሹሩሩው ጎን ሌላ ነገር ያገኛል። ደቂቃን በሴኮንድ፣ ሰዓትን በደቂቃ የሚያስቆጥር ግጥም አለ። ፓውንድን ወደ ሽልንግና ፔንስ የሚመነዝር አለ። ቀለማትን በየአበባውና በየፍሬው የሚያስለይ፣ የዓመቱን ወራት በጠባያቸው የሚዘረዝር አለ። የቋንቋውን ፈሊጥ ቃል በቃል እየወሰደ፣ ራስ ስላለው ጸጉር ግን ስለሌለው ስፒል የሚቀልድም አለ፤ ይህ የኋለኛው ከእኛ እንቆቅልሽ ጋር ቢቀመጥ አያፍርም። ይህ የእናት ናፍቆት አይደለም፤ የመማሪያ ክፍል ነው። ክርስቲና በዚያ ክፍል ሁለት ጊዜ ተቀምጣለች፤ በቻርሎት ጎዳና ተማሪ ሆና፣ በካምደን ታውንና በፍሮም ረዳት አስተማሪ ሆና።

እግረ መንገዴን ስለ ቅርጽ አንድ ነጥብ ላንሣ። የክርስቲና አጻጻፍ በአጭር ቃል፣ በድግግሞሽና በጥያቄና መልስ ይታወቃል። ይህን ከጸሎት መጽሐፍና ከሃይማኖት ትምህርት ያመጣችው ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ልክ ናቸው። እኔ የምጨምረው ጥያቄና መልስ ከሃይማኖት መማሪያ በፊት የቃል ትምህርት መልክ መሆኑን ነው። መምህሩ ይጠይቃል፣ ልጁ ይመልሳል፣ መልሱ በልብ እንዲቀር በዜማ ይደገማል። የቤተ ክህነት ትምህርት ቤትን ወግ ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ወይዘሮዋን እያወደስኩ ነው ሊል ይችላል። በእርግጥ በቤቱ አስተዳደር ላይ የምተቸው አለኝ። ገንዘብ ባለቀ ጊዜ ማሪያ በሰው ቤት አስተማሪነት ተቀጠረች፤ ዊሊያም ቢሮ ገባ፤ ክርስቲና ከእናቷ ጋር ትምህርት ቤት ከፈተች። ጋብሪኤል ሥዕል መማሩን ቀጠለ። የቤቱ ሥሌት የበኩር ወንድ ልጅን ተሰጥኦ ከሌሎቹ ጊዜ አስበልጦ የመዘነ ነበር። ዊሊያም ገጣሚ ሆኖ ሊቀጥል ይችል እንደነበር፣ ማሪያ ከአንድ «የዳንቴ ጥላ» በላይ ልትጽፍ ትችል እንደነበር ስናስብ ሥሌቱ ያስከፈለው ይታየናል። ፍራንሲስ የአእምሮ ልቀትን ይወዱ ነበር፤ ልቀቱ ግን በአራቱ ልጆች መካከል በእኩል አልተመገበም።

ክርስቲናን ከዓለም የከለከሉ እናታቸው ናቸው የሚለውን ክስ በተመለከተ ብዙ አልቆይም። ገጣሚዋ ሁለት ጊዜ ጋብቻ ትታለች፤ በ1850 ሠዓሊውን ጄምስ ኮሊንሰንን፣ በ1866 የዳንቴ ተርጓሚውን ቻርልስ ኬይሊን። ዊሊያም ሁለቱም ጊዜ ምክንያቱ የእምነት ልዩነት እንደነበር ጽፏል። እምነቱን የተማረችው ከእናቷ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ከአንዲት እናት ተምረው ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲርቁ፣ ማሪያ በ1873 መነኩሲት ስትሆን፣ ክርስቲና በመካከል ቆማ ግጥም ጽፋለች። አንድ መነሻ አራት መድረሻ ካለው መነሻውን ብቻ መክሰስ ደካማ ሂስ ነው።

ይልቅ ሊጠና የሚገባው የተደራሲ ጥያቄ ነው። ክርስቲና በ1842፣ በ11 ዓመቷ፣ ለእናቷ ልደት ግጥም ጻፈች። በ1847 አያቷ በግል ማተሚያቸው ያተሙላት የመጀመሪያ መድበሏ መታሰቢያነቱ ለእናቷ ነው። በ1881 የወጣው መድበሏም ለእናቷ በተጻፈ ሶኔት ይከፈታል። በመካከሉ፣ ወይዘሮ ፍራንሲስ በዕድሜያቸው የቫለንታይን ቀን ግጥም ደርሷቸው እንደማያውቅ ሲናገሩ ልጃቸው ሰማች፤ ከ1876 ጀምራ እስከ 1886 በየዓመቱ ፌብሩዋሪ አንዳንድ ግጥም ሰጠቻቸው። የመጀመሪያው ሲደርሳቸው የ75 ዓመት ሴት ነበሩ። እነዚህን ግጥሞች ሐያስያን ጨዋታ ብለው ያልፏቸዋል። ታላቅ ግጥም አይደሉም፤ አልከራከርም። ነገር ግን ከ1842 እስከ 1886 ድረስ 44 ዓመት አንዲት አንባቢ በጽሕፈት ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች። ይህች አንባቢ ሐሰተኛ ስሜትን በቶሎ የምታውቅ፣ ትርፍ ቃል የማትወድ አስተማሪ ናት። የክርስቲናን ቁጥብነት ስናነብ «ማንን ፈራች?» ብለን እንጠይቃለን። «ለማን ነበር የምታነበው?» ብለን ብንጠይቅ የተሻለ መልስ እናገኛለን።

ጋብሪኤል በ1877 እናቱንና እኅቱን በባለቀለም ጠመኔ ጎን ለጎን ሥሏቸዋል። በዚህኛው ሥዕል አበባም መልአክም የለም፤ ጥልፍም የለም። ሁለት በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው፤ አብረው ያነበቡ የሚመስሉ። በ1849 ከሣለው ይልቅ ይህ እውነቱን የነካ ይመስለኛል።

ወይዘሮ ፍራንሲስ በመጨረሻ ዓመታቸው፣ ከ1881 እስከ 1886፣ በቶሪንግተን አደባባይ በነበረው ቤታቸው የዕለት ማስታወሻ ነበራቸው። ዓይንና እጃቸው ሲደክም ክርስቲና ትጽፍላቸው ነበር። ስለዚህ በብዙው ገጽ ላይ «እኔ» የሚለው ቃል የእናትየዋ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ የልጅቱ። ለዓረፍተ ነገሩ አመዳደብ ግማሹን ለማን እንስጥ? የቃሉ ምርጫስ የማን ነው? አንድ ሰው እነዚህን ገጾች ከክርስቲና ደብዳቤዎች ጋር አነጻጽሮ ቢያጠና ሁለቱን ድምፆች መለየት የማይቻልበት ቦታ ላይ ይደርሳል ብዬ እገምታለሁ፤ ለጥናትም የሚያጓጓው ያ ቦታ ነው። እናትየዋ ኤፕሪል 8 ቀን 1886 ሲያርፉ ማስታወሻው አልተቋረጠም። ክርስቲና በራሷ ስም ገብታ የመጨረሻዎቹን ቃላት የምትጽፈው እሷ መሆኗን አስፍራ መዝገቡን ዘጋችው፤ በዚያ ገጽ ላይ «እኔ» ባለቤቱን ቀየረ።